የሙዚቃ ምህንድስና ልማር ወይስ አባቴን ልስማ?

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እጨርሳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ሒሳብና ፊዚክስም በጣም እወዳለሁ፣ ውጤቴም ጥሩ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ምህንድስና የሚባል ትምህርት መኖሩን ካወቅሁ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል። አባቴ ግን ‹ዘፈን ለመቅረጽ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ግቢና ሙዚቃውን በትርፍ ጊዜሽ ያዢው› ይለኛል። እናቴ ‹የወደድሽውን ተማሪ› ትለኛለች፤ ማታ ላይ ግን ‹ሥራ ብታጣስ?› ስትል እሰማታለሁ። ለመሆኑ ይህን የተማረ ሰው ሥራ ያገኛል? የት? ደግሞ በሙያው ውስጥ ያሉት ሴቶች ጥቂት ናቸው ይባላል። ምን ይመክሩኛል?
ሁለት ልብ የሆንኩት»

ልጄ፣ አስቀድሜ ቀጥተኛውን መልስ ልስጥሽ። ሥራ ይገኛል። ብዙው ሥራ ያለው ግን አንቺ ከምታስቢው ቦታ ውጭ ነው፤ ቀጣሪውም የሚያየው የዲግሪውን ስም ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ይዘሽ የወጣሽውን ነው። ስለዚህ «ልማር ወይስ አልማር» ከማለትሽ በፊት «የትኛውን ፕሮግራም» ብለሽ መጠየቅ አለብሽ። ወላጆችሽ የሚጨነቁበት ነገር እውነተኛ ነው፤ ሳናቃልለው እንየው።

የሙዚቃ መሐንዲስ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ከትልቅ ሚክሰር (ድምፆችን የሚያዋህድ መሣሪያ) ፊት ተቀምጦ የታወቀ ድምፃዊ የሚቀርጽ ባለሙያ ነው። ያ ሥራ ዛሬም አለ፤ ግን ጠቧል። ድሮ አንድ አልበም ለመሥራት ትልቅ ክፍል፣ የቴፕ ማሽንና ብዙ ሰው ያስፈልግ ነበር። ቀረጻ ወደ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ሙዚቀኛው ራሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ብዙውን ይጨርሰዋል። ስቱዲዮዎች በወር ደመወዝ የሚቀጥሩት ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ባለሙያ በግሉ ይሠራል፣ ሥራ የመጣ ወር ያገኛል፣ ያልመጣ ወር ይቸገራል። የሚገባውም በረዳትነት ነው፤ ኬብል ጠቅልሎ፣ ማይክ ተክሎ፣ ሌሊቱን አምሽቶ። አባትሽ «ዲግሪ አያስፈልግም» ያሉት ይህንን አስበው ከሆነ እውነታቸውን ነው። ስቱዲዮ በር ላይ ዲፕሎማሽን አሳዪኝ የሚልሽ የለም።

አባትሽ ያላዩት የቀረውን ነው። ድምፅ ያለበትን ቦታ ሁሉ አስቢው። ኮንሰርት፣ ቲያትር፣ ትልልቅ ስብሰባና የአምልኮ ቦታ የድምፅ ሲስተም የሚያቅድና የሚያንቀሳቅስ ሰው ይፈልጋሉ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን አሉ። የፊልምና የጌም ድምፅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የስልክ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የመኪናና የመስሚያ መርጃ መሣሪያ አምራቾች ማይክራፎንና ስፒከር የሚነድፍ፣ የሚለካ፣ ጫጫታ የሚያጠፋ ፕሮግራም የሚጽፍ መሐንዲስ ይቀጥራሉ። ሙዚቀኞች የሚጠቀሙባቸውን ፕለጊኖች (በቀረጻ ሶፍትዌር ውስጥ የሚገቡ ትንንሽ ፕሮግራሞች) የሚሠሩ ድርጅቶች ደግሞ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችልና ሙዚቃ የሚገባው ሰው ይፈልጋሉ፤ ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ከእነዚህ መካከል ቋሚ ደመወዝ ያለው ብዙው ሥራ የሚገኘው ሒሳቡ ከበድ በሚልበት በኩል ነው። ይህን ልብ በይ፤ ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንዱን ዘርፍ ለብቻው ላንሳው፤ ወጣቶች ብዙም ስለማያውቁት። የሕንፃ አኩስቲክስ ይባላል፤ ድምፅ በሕንፃ ውስጥ እንዴት እንደሚሰማ የሚያጠና ማለት ነው። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታችም ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠራልሽ) በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የመማሪያ አዳራሽ ከፈተ፤ መምህሩ ሲናገር ግን ቃሉ ከቃል እየተደባለቀ ምንም አይሰማም ነበር። ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር መፍትሔ እንዲፈልግ ታዘዘ። ሳቢን ሌሊት ሌሊት ከአጠገቡ ካለ ቲያትር ቤት የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ አዳራሹ ውስጥ ይደረድር፣ የኦርጋን ቧንቧ እያስነፋ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ያለውን ጊዜ ይለካ ነበር። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ድምፁ 5 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይቆይ ነበር። ትራሱ ሲበዛ ጊዜው አጠረ፤ ከዚያ ልኬት የአዳራሹን ይዘት (ቮልዩም)፣ ድምፅ የሚመጥጠውን ነገር መጠንና የማስተጋቢያውን ጊዜ የሚያያይዝ ቀመር አወጣ። በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በዚሁ ስሌት ተነደፈ። ዛሬም ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ አዳራሽ ወይም አየር ማረፊያ ሲሠራ ይህንኑ የሚያሰላ አማካሪ ይቀጠራል። ሥራው ዝና የለውም፤ ግን የተከበረ ሥራ ነው፤ የሙዚቃ ጆሮና የፊዚክስ እጅ ያለው ሰው ይደምቅበታል።

አሁን ወደ ፕሮግራሞቹ እንምጣ። «የሙዚቃ ምህንድስና»፣ «የድምፅ ምህንድስና»፣ «የሙዚቃ ቴክኖሎጂ» በሚሉ ስሞች ሥር በጣም የተለያዩ ሁለት ዓይነት ትምህርቶች አሉ። አንደኛው መሣሪያውን መጠቀም ያስተምራል፤ ቀረጻ አንድ፣ ቀረጻ ሁለት፣ ሚክሲንግ፣ የሙዚቃ ንግድ። ሁለተኛው መሣሪያው ለምን እንደሚሠራ ያስተምራል፤ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ሰርኪዩት፣ ሲግናልና ሲስተም፣ ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግ (ወደ ቁጥር የተለወጠን ድምፅ በሒሳብ ማቀነባበር)፣ አኩስቲክስ፣ ፕሮግራሚንግ፤ ከዚያ በላይ ስቱዲዮና ሙዚቃ። ብሮሹሩ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፎቶ ነው ያላቸው። ስለዚህ ፎቶውን ትተሽ የአራት ዓመቱን የኮርስ ዝርዝር አውጪና ዲጂታል ሲግናል ፕሮሰሲንግ የሚለውን ፈልጊ። ካለ፣ ለዚያ ኮርስ ቅድመ ሁኔታው ምን እንደሆነ እዪ። ቅድመ ሁኔታው የሒሳብ ኮርሶች ከሆኑ ፕሮግራሙ ቁም ነገር ይዟል። ምንም ቅድመ ሁኔታ ከሌለው ስሙ ብቻ ነው።

ለምን ይህን ያህል ሒሳብ ላይ ሙጭጭ እንደምል ልንገርሽ። አንድ የቀረጻ ሶፍትዌር በጥቂት ወራት ልምምድ ራስሽን ችለሽ ትማሪዋለሽ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በሌላ ይተካል። ፎሪየር ትራንስፎርምን (አንድን ድምፅ ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ የሚበትነውን ሒሳብ) ግን በሠላሳ ዓመቱ ከሥራ መልስ ቁጭ ብሎ ለብቻው የሚማር ሰው ጥቂት ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚጠቅመው ለብቻሽ የማትወጪውን ነገር ከመምህርና ከጓደኛ ጋር እንድትወጪው ነው። ገንዘብሽንና አራት ዓመትሽን ቀላሉን ነገር ለመማር አታውዪው።

ጥሩዎቹ ፕሮግራሞች ሙዚቃውንም አይተዉም። በጀርመን ዴትሞልት ከተማ ከ1949 ጀምሮ ቶንማይስተር የሚባል ሥልጠና አለ፤ የሙዚቃ ኖታ አንብቦ ኦርኬስትራውን የሚከታተልና የመሣሪያውን ፊዚክስ የሚያውቅ አንድ ሰው ለማውጣት የታሰበ ነው። በእንግሊዝ የሰሪ ዩኒቨርሲቲ በ1970 ያንኑ መንገድ ተከትሎ ጀመረ፤ እዚያ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ድርጅት ውስጥ ገብተው ይሠራሉ። በአሜሪካ ደግሞ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ «ሙዚቃ ምህንድስና» በሚለው ስም የምህንድስና ኮርሶችን አብሮ ያስተምራል። እነዚህን የምጠራልሽ እዚያ ካልሄድሽ ብዬ አይደለም፤ የምታወዳድሪበት መለኪያ እንዲኖርሽ ነው። የምታመለክቺበት ቦታ እንደ ሰሪ የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ ካለው ብዙ ነጥብ ስጪው። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያ ሥራውን የሚያገኘው ልምምድ ከወጣበት ድርጅት ነውና።

ከማመልከትሽ በፊት ለዲፓርትመንቱ ጻፊና ጥቂት ነገር ጠይቂ። ያለፈው ዓመት ምሩቃን አሁን የት ይሠራሉ? አንድ ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት ስቱዲዮ ብቻውን ያገኛል? የመመረቂያ ሥራዎችን ማየት ይቻላል? ለመጀመሪያው ጥያቄ በጅምላ «በየኢንዱስትሪው» የሚል መልስ ከመጣ አትርኪ፤ ሥራቸውን በዝርዝር የሚያውቅ ክፍል ተማሪዎቹን የተከታተለ ክፍል ነው። ከተቻለ የሦስተኛና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፈልገሽ አነጋግሪ፤ እውነቱን ከእነሱ ትሰሚያለሽ።

አባትሽ ያሉትን እንግዲህ። ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሮ ድምፅ ላይ መሥራት ይቻላል፤ እንዲያውም በአምራቾችና በሶፍትዌር ድርጅቶች ውስጥ ካሉት መሐንዲሶች ብዙዎቹ የመጡት በዚያ በኩል፣ ወይም በኮምፒውተር ሳይንስ በኩል ነው። የተበላሸ የድምፃዊ ኖታ የሚያቃናውን ኦቶ ቲዩን በ1997 ያወጣው አንዲ ሂልደብራንድ ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት የሠራው ለነዳጅ ፍለጋ ነበር። ነዳጅ የሚፈለገው ወደ መሬት ድምፅ ልኮ የሚመለሰውን በማጥናት ነው፤ የዚያን ሲግናል ሒሳብ ወስዶ የሰው ድምፅ ላይ አዋለው። እሱም ፍሉት የሚጫወት፣ ሙዚቃ የሚወድ ሰው ነበር።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የምታገኚው የሙዚቃ ምህንድስና ፕሮግራም ሒሳቡን የያዘው ዓይነት ከሆነ ግቢበት፤ አባትሽንም የኮርስ ዝርዝሩን አብራችሁ ተቀምጣችሁ አሳዪያቸው። ከኤሌክትሪካሉ ጋር ግማሽ ያህሉ የሚመሳሰል መሆኑን ሲያዩ ሐሳባቸው ሊለወጥ ይችላል። ያለሽ ምርጫ መሣሪያ መጠቀም ብቻ የሚያስተምረው ከሆነ ግን የአባትሽን ስሚ፤ ኤሌክትሪካል ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ግቢ። ያን ጊዜ «ሙዚቃውን በትርፍ ጊዜሽ» የሚለውን ብቻ አትቀበዪ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የምርጫ ኮርሶችሽን፣ የላብራቶሪ ፕሮጀክቶችሽንና የመመረቂያ ሥራሽን ሁሉ ወደ ድምፅ አዙሪያቸው። ማጣሪያ ሰርኪዩት ሥሩ ሲሉሽ የጊታር ፔዳል ሥሪ፤ የሲግናል ፕሮጀክት ሲሉሽ የራስሽን ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት የሚፈጥር ፕሮግራም) ጻፊ። ስትመረቂ ወረቀቱ ኤሌክትሪካል ይላል፤ የሠራሽው ግን ሁሉ ድምፅ ይሆናል።

በየትኛውም በኩል ብትገቢ የመጀመሪያውን ዓመት በከንቱ አታሳልፊ። ብዙ ተማሪ መሥራት የሚጀምረው ሊመረቅ ሲል ነው፤ ያኔ ይረፍዳል። መጀመሪያ ጆሮሽን አሠልጥኚ። ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን፣ ከወፍራም እስከ ቀጭን ሁሉም ድምፅ ያለበትን ጫጫታ ክፈቺ፤ ጓደኛሽ በኢኮላይዘር (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ለየብቻ በሚያስተካክል መሣሪያ) አንዱን ፍሪኩዌንሲ፣ በለው 250 ወይም 1000 ወይም 4000 ሄርዝን፣ በ12 ዴሲቤል ከፍ ያድርግ፤ አንቺ ሳታዪ የትኛው እንደሆነ ተናገሪ። ሲቀልሽ 6 ዴሲቤል፣ ከዚያ 3፤ ከዚያ ደግሞ ከፍ ማድረጉን ትቶ ዝቅ ያድርግ፤ እሱ ይከብዳል። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ግን በየቀኑ። ኪቦርድ ስለምትጫወቺ የኖታ ጆሮ አለሽ፤ ይህኛው ሌላ ነው፤ የድምፁን መልክ የሚለይ ጆሮ ነው።

ከዚያ የቀጥታ ዝግጅት ሥራ ውስጥ ግቢ። የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ የተማሪዎች ቲያትር፣ ትንሽ ባንድ፣ ያገኘሽውን። ክፍል ውስጥ የተማርሽው ወደ እጅሽ የሚገባው እዚያ ነው። ለምሳሌ ሰፊ ሜዳ ላይ ከመድረኩ 34 ሜትር ርቆ ተጨማሪ ስፒከር ተተከለ እንበል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ከመድረኩ የተነሳው ድምፅ እዚያ ለመድረስ 100 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በኬብል የሄደው ግን ወዲያው ይደርሳል። ሳታዘገዪ ከለቀቅሽው ኋላ የቆመው ሕዝብ ቃሉን ሁለት ጊዜ ይሰማዋል። ስለዚህ ስፒከሩን በስሌት ታዘገዪዋለሽ። ከሰዓት በኋላ በ30 ዲግሪ ሙቀት ያስተካከልሽው ደግሞ ማታ አየሩ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ከ2 ሚሊሰከንድ በላይ ይዛነፋል፤ ድምፅ በቀዝቃዛ አየር ቀስ ይላልና።

ወይም እንዲህ ያለ ነገር ይገጥምሻል፤ ዝግጅቱ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ከስፒከሩ «ህምምም» የሚል ጉርምርምታ ይወጣል። የተማረ ሰው መጀመሪያ ፍሪኩዌንሲውን ይለያል፤ 50 ወይም 60 ሄርዝና የእነሱ ብዜት ከሆነ ከመብራቱ የመጣ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ እየነቀለ የትኛው ዕቃ ሲነቀል እንደሚጠፋ ያያል። ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ ከአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከሩቅ ሌላ ሶኬት ተሰክተው ኧርዙ (የኤሌክትሪኩ የደኅንነት ሽቦ) ክብ ሠርቶ ይገኛል። ሁለቱን ከአንድ ሶኬት ማስነሳት፣ የውጭ ጫጫታን የሚያጠፋ ባላንስድ ኬብል መጠቀም፣ ወይም ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (ዕቃውን ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን) መሀል ማስገባት ይፈታዋል። የኧርዙን ሽቦ ቆርጠው ጉርምርምታውን የሚያጠፉ ሰዎች ታገኚያለሽ፤ አንቺ በፍጹም እንዳታደርጊው፤ ያ ሽቦ ድምፃዊው ማይኩን ሲይዝ ነፍሱን የሚጠብቅለት ነው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሳትደነግጪ ይህን የፈታሽ ቀን እዚያ ያለው አዘጋጅ ስልክሽን ይቀበላል። በዚህ ሙያ ሥራ የሚመጣው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ አብሮሽ የሠራ ሰው ለሌላው ይነግራል። ሰዓት ማክበር፣ ኬብል በወጉ መጠቅለል፣ ሙዚቀኛን በትሕትና ማናገር ከዲግሪው እኩል ይታይልሻል።

ሌላው የራስሽ የሆነ አንድ ሥራ ነው። ወደ ሶፍትዌሩ ካዘነበልሽ የሚሠራ ትንሽ ፕለጊን ከነኮዱ፤ ወደ ጌም ካዘነበልሽ ዌይስ ወይም ኤፍሞድ በሚባሉት የጌም ድምፅ ሶፍትዌሮች ድምፁን ያስገባሽለት ጌም፤ ወደ አኩስቲክስ ከሆነ የአንድ እውነተኛ ክፍል ልኬትና የማሻሻያ ሐሳብ። ሦስት የተጀመሩ ከሚሆኑ አንድ ያለቀ ይሁን። የሥራ ፈተና ላይ ስትቀርቢ «ይህን ለምን እንዲህ አደረግሽው?» ብለው ይጠይቁሻል፤ ውሳኔሽን በምክንያት ማስረዳት ከቻልሽ ንግግሩ ከዚያ ወዲያ ቀላል ነው። መሠረታዊ ጥያቄም ይመጣል። ሲዲ በሰከንድ ለምን 44,100 ናሙና ይወስዳል ቢሉሽ፣ የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ሄርዝ ስለሚሰማና ከዚያ እጥፍ በላይ ናሙና ስለሚያስፈልግ ማለት ሳታስቢ የሚወጣ መልስ መሆን አለበት።

ሴትነትሽን በተመለከተ አላታልልሽም፤ በሙያው ውስጥ ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ አንዳንድ ቦታ ስትደርሺ ድምፃዊዋ ወይም የድምፃዊው ዘመድ የምትመስያቸው ይኖራሉ። ይህ ያስቆጣል፤ መቆጣትሽም ተገቢ ነው። ነገር ግን ብቻሽን አትሆኚም። ከ2013 ጀምሮ ሳውንድገርልስ የሚባል በድምፅ ሙያ የተሠማሩ ሴቶች ድርጅት አለ፤ ልምድ ያላቸውን ከጀማሪዎች ጋር ያገናኛል። በ1948 የተመሠረተው የኦዲዮ ምህንድስና ማኅበር ደግሞ የተማሪዎች ክፍል አለው፤ በአባልነት ግቢ። ሌሊት የሚያልቅ ሥራ ስትቀበዪ መመለሻሽን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ደኅና አሠሪ በዚህ አይከፋም። የሚከፋ ከሆነ ሥራው ይቅርብሽ።

ጆሮሽንም አደራ። ከ85 ዴሲቤል ላይ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት ይጎዳል ተብሎ ይመከራል፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቀርሽ። ኮንሰርት ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ይጮኻል። የሙዚቀኞች የጆሮ መከላከያ ግዢ፤ ከመጀመሪያው ልምምድሽ ቀን ጀምሮ ኪስሽ ውስጥ ይኑር። የተጎዳ ጆሮ አይመለስም፤ አንቺ ደግሞ የምትኖሪው በእሱ ነው።

ለእናትሽ የምትነግሪያቸውም ነገር አለ። ልጃቸው ሒሳብ፣ ሰርኪዩትና ፕሮግራሚንግ ይዛ ከወጣች ሙዚቃው ለጊዜው እንጀራ ባይሆናት እንኳ በሌላ የምህንድስና ሥራ ትቀጠራለች። የሚሰጉት «ሥራ ብታጣስ» የሚለው ነውና ይህንን በግልጽ ይስሙት።

በዚህ ሳምንት ልታመለክቺባቸው የምትችዪውን ፕሮግራሞች ሁሉ የኮርስ ዝርዝር አውርጂ፤ የኤሌክትሪካሉንም ጨምሪ። ሁሉንም ጎን ለጎን አድርገሽ የሒሳብ፣ የሲግናልና የፕሮግራሚንግ ኮርሶቹን በአንድ ቀለም አስምሪባቸው፤ ከአባትሽ ጋር ሆነሽ ብታደርጊው ይሻላል። የሚያጠራጥርሽ ካለ ዝርዝሩን ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።